ድሪቶ በአቋራጭ

ሐራ ከተማ ላይ ልብስ ሰፊዎች በተቀመጡበት በረንዳ ሁሉ ከመኪናው ሥር እራፊ ተከምሮ ይውላል። ቢበዛ ትራስ ይሞላበታል፣ አለዚያም የዘይት መጥረጊያ ይሆናል። ድሪቶ ስንል የሚታየን ችግረኛና መናኝ ስለሆነ ክምሩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አሜሪካ ውስጥ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የቀጣጠሉት ብርድ ልብስ ግን በ2002 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በ2006 ደግሞ የፖስታ ቴምብር ሆኗል።

እራፊ ቀጣጥለው ከሚሠሯቸው ቅርጾች ሁሉ እኔ የምወደው ሽክርክሪቱን ነው። አራት ካሬዎች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ግማሽ ደማቅ፣ ግማሹ ፈዛዛ ነው፤ መሐል ላይ ሲጋጠሙ የሚዞሩ ይመስላሉ። መቀስ፣ ሜትር፣ የሳሙና ስባሪ፣ ካውያና የእግር መኪና ይበቃል፤ ሌላ ዕቃ አያሻውም።

ችግሩ የአቆራረጡ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ቅርጹን ሲያይ ሦስት ማዕዘን ስለሚታየው መጀመሪያ ሦስት ማዕዘን ይቆርጣል። ተዉ! ጨርቅ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ቢጎትቱት እምቢ ይላል፤ በሰያፍ ሲጎትቱት ግን ድርና ማጉ እርስ በርስ ይንሻፈፉና ይለጠጣል። የሦስት ማዕዘኑ ረጅም ጎን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሰያፍ ነው። ከመኪናው እግር ሥር ሲገባ ይረዝማል፣ ይንጨባረራል። ከዚያ በኋላ በክሩ ይሳበባል፣ በመኪናው ይሳበባል፤ የመኪናው ጥፋት ግን አይደለም።

መላው ካሬውን ካሬ እንደሆነ መስፋት ነው። አንድ ደማቅ፣ አንድ ፈዛዛ ጨርቅ 13 በ13 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ፊትና ፊታቸውን ገጥማችሁ ደርቡ። በፈዛዛው ጀርባ ከጥግ እስከ ጥግ በሳሙና ስባሪ አስምሩ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል እየራቃችሁ ሁለት ጊዜ ስፉ፤ ከዚያ መስመሩን ተከትላችሁ ቁረጡ። ስትገልጡት ሁለት ባለሁለት ቀለም ካሬ ይወጣል። ሰያፉ በመቀስ የተነካው ስፌቱ ከያዘው በኋላ ስለሆነ የሚለጠጥበት ፋታ አላገኘም። ሌላ ጥንድ ስትደግሙ አራቱ ይሞላሉ። ስፌቱ በትክክል ጥግና ጥግ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ወደ 11.5 ሳንቲ ሜትር አስተካክሉ። አራቱ ሲጋጠሙ የስፌት ትርፉ ገብቶ 20 በ20 ይሆናል።

ይህን ሐራ ላይ ለአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሳሳያቸው ብዙም አልደነቃቸውም። «ጋሼ፣ ክሩን በየመሐሉ ልበጥሰው?» ስላቸው፣ «ለምን ብለህ? እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ኪስ ስሰፋ አንዱን ባንዱ አስከትላለሁ እንጂ እበጥሳለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ካሬዎቹን በሰልፍ ማስከተል ክርም ጊዜም ይቆጥባል። በመጨረሻ መሐል ለመሐሉን መቀንጠስ ብቻ ነው።

ካውያውን ጫን እያደረጋችሁ አንሱት፤ ሸሚዝ እንደምትተኩሱ ወዲያ ወዲህ ከገፋችሁት ያ ያመለጣችሁት ሰያፍ መልሶ ያገኛችኋል። የስፌቱን ትርፍ ወደ ደማቁ ጨርቅ አስተኙት፣ በፈዛዛው በኩል እንዳይታይ። ጥጡን ከቴትሮን ጋር አትቀላቅሉ፤ አንዱ በእጥበት ሲገባ ሌላው ባለበት ይቀራል። ቀዩን ደግሞ ሳታጥቡ እንዳትነኩት፤ አጠገቡ ያለውን ነጭ ያቀላዋል። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም፤ ታጥቦ ታጥቦ መግባቱንም መልቀቁንም ጨርሷል።

አራት ሽክርክሪት ተጋጥሞ አቡጀዲ ጀርባ ሲደረግለት ወደ 40 በ40 የሚጠጋ የትራስ ልብስ ይወጣዋል። ብርድ ልብስ ላሰበ ደግሞ የባሰ አቋራጭ አለ፦ ሁለቱን ካሬዎች 26 በ26 ቆርጦ በሁለቱም ሰያፍ ማስመር፣ በየመስመሩ ግራና ቀኝ መስፋት፣ ከዚያ በመሐሉ አግድምና ሽቅብ፣ በሰያፎቹም ላይ መቁረጥ። ስምንት ካሬ ባንዴ ይወጣል። ሲቆረጥ ግን ጨርቁ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አይበል፤ እጅ ላይ እያዞሩ መቁረጥ የለመደ ሰው ባለ13ቱን ቢይዝ ይሻለዋል።