ስለ መንገድ ሥራ አመዛዘን በሐይቅና በአምባሰል

መንገድ ከመሠራቱ አስቀድሞ ጥቅሙና ወጪው ሊመዘን ይገባል። ቀድሞ የቁናው ልክ ከገበያ ገበያ ይለያይ ስለ ነበረ፥ በአንዱ ገበያ ገዝቶ በሌላው የሸጠ ሰው ሒሳቡ አይገጥምለትም ነበር። የመንገድ ጥናትም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየራሱ ቁና የሰፈረው እንደ ሆነ፥ የትኛው ወረዳ ይቅደም ለማለት አይቻልም። መንግሥታት የመመዘኛ መመሪያ የሚያወጡት ስለዚህ ነው።

የሒሳቡን መሠረት የጣለው ዱፕዊ የተባለ የፈረንሳይ መንገድ መሐንዲስ ነው። በ1844 ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በጻፈው ጽሑፍ፥ የመንገድ ጥቅም የሚለካው ከመንገደኛው በሚሰበሰበው ቀረጥ ሳይሆን መንገደኛው ራሱ በሚያገኘው ትርፍ እንደ ሆነ አስረዳ።

በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ወልድያ በሚሄደው ጎዳና ላይ መኪና መቁጠር ይበቃል። ከውጫሌ ወደ አምባሰል ተራራ በሚያወጣው የበቅሎ መንገድ ላይ ግን መኪና ቢቆጠር የሚገኘው ባዶ ነው። ባዶም በምንም ቢባዛ ባዶ ነውና፥ መኪና ብቻ የሚቆጥር መመሪያ ደገኛውን ለዘለዓለም ያለ መንገድ ያስቀረዋል።

ስለዚህ የሚቆጠረው ጭነቱ ነው። ለምሳሌ አንድ ኩንታል እህል በአህያ ለማውረድ 200 ብር፥ በመኪና 80 ብር የሚፈጅ ቢሆን፥ ትርፉ 120 ብር ነው። አስቀድሞ 1000 ኩንታል ይወርድ ከነበረ 120000 ብር ይሆናል። መንገዱ በመከፈቱ ሌላ 400 ኩንታል ቢጨመር ግን፥ አዲሱ ኩንታል በ60 ብር፥ ማለት በእኩሌታው ይታሰባል። ከአዲሶቹ የመጀመሪያው ትርፉን ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚቀርብ ያገኛል፤ ለመጨረሻው ግን መውረድና መቅረት እኩል ነውና። ድምሩም 144000 ብር ነው።

በቃሬዛ የምትወርድ ወላድ በዚህ ሒሳብ አትገባም። ስለዚህ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ አጠገብ፥ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሰው ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሌላ መለኪያ ወጣ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ቀበሌዎችን ሁሉ በመንገድ የማገናኘት ዕቅድም በዚሁ አሳብ የቆመ ነበር።

ወጪውን አሳንሶ መገመት የሁሉም አገር ሕመም ነው። የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስቴር በ2003 ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ ገማቾች ስለሚያሳንሱ በግምቱ ላይ ተጨማሪ እንዲታሰብ አዘዘ። ገደልና ናዳ ባለበት በአምባሰል ይህ ይልቁን ያስፈልጋል።

የወረዳ ሹም ድርሻ ቆጠራው ነው። አህያውም ሸክመኛውም በገበያ ቀንና ከገበያ ቀን ውጭ፥ በክረምትና በበጋ ይቆጠር። የገበያው ቀን ብቻ ተቆጥሮ በሰባት የተባዛ እንደ ሆነ፥ ሒሳቡ ከመነሻው ሐሰት ነው።