ዲናሞ በዳገትና በቁልቁለት

ዲናሞ የተገጠመለት ብስክሌት ባትሪ አይፈልግም፤ መብራቱን የሚያበራው የነጂው እግር ነው። የተለመደው ዓይነት የትንሽ ጠርሙስ ቅርጽ አለው። ሲመሽ ወደ ጎማው ያዘነብሉታል፤ አናቱ ላይ ያለችው ጥርሳም ክብ ከጎማው ጎን ተጣብቃ አብራ ትዞራለች። ውስጡ ያለው ማግኔት ከጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ይህ ግኝት የጢስ ዓባይ ማመንጫም መሠረት ነው። የብስክሌቱ ዲናሞ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 6 ቮልትና 3 ዋት ነው፤ 2.4 ዋቱ ለፊት መብራት፣ 0.6ቱ ለኋላ።

እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳ ይህ ይበቃል። በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን መንገዱ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፤ የዲናሞ ጠባይም የሚፈተነው እዚያ ነው። ቁልቁለት ላይ ጥቅል ሽቦው ራሱ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ግማሽ አምፔር አካባቢ ይገታዋል። ሁለቱም አምፖሎች ደህና እስከሆኑ ድረስ አያሰጋም። የኋላው ከተቃጠለ ግን ድርሻው ወደ ፊተኛው ይሄድና እሱንም ያቃጥለዋል፤ ነጂውም በፍጥነት እየወረደ ጨለማ ይውጠዋል። ስለዚህ የኋላ አምፖል ሲቃጠል ሳያድር ይቀየር።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዳገቱ ነው። ጎማው ሲያዘግም መብራቱ ይፈዛል፤ ሲቆም ይጠፋል። ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ሩቅ ባያይም ግድ የለም፤ በክረምት ጉም ከኋላው የጭነት መኪና ሲመጣ ግን መታየት አለበት። ለዚህ መፍትሔው ለዲናሞ የተሠራ፣ ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር ያለው የኤልኢዲ መብራት ነው። በዝግታ ጉዞም ይበራል፤ ብስክሌቱ ከቆመ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ብርሃን ይሰጣል።

ዝናብና ጭቃ ሌላ ጣጣ ነው፤ የረጠበ ጎማ ላይ ጥርሳሟ ክብ ትንሸራተታለች። በጎማው እምብርት ውስጥ የሚገባው ዲናሞ ይህ ችግር የለበትም፤ የእንግሊዙ ስተርሚ አርቸር ኩባንያ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦታል። ዋጋው ግን ይከብዳል።

ባለ ጠርሙሱ ዲናሞ አልበራ ካለ ከመጣሉ በፊት ማሰሪያው ይታይ። ብዙውን ጊዜ ወደ መብራቱ የሚሄደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ መመለሻው የብስክሌቱ ብረት ነው። የማሰሪያው ሹል ብሎን ቀለሙን ፍቆ ብረቱን ካልነካ፣ ወይም ከዛገ፣ ደህናው ዲናሞ የተበላሸ ይመስላል። ዝገቱን ፍቆ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል።