ከማሳ የሚወጣው ካርቦንና የወንዞች እስትንፋስ

መግቢያ

በወላይታ፣ በጉኑኖ አካባቢ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጅረቶች ቀልተው ይወርዳሉ። ነገሩ የተለመደ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። ይሁን እንጂ ውኃውን ያቀላው ከማሳችን የተነሣ አፈር ነው። ከአፈሩም ጋር ቅጠል፣ ሥርና ፍግ ለብዙ ዓመታት በስብሶ ያጠራቀመው ብስባሽ አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ብስባሽ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ካርቦን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ካርቦን ከማሳ ከወጣ በኋላ የት ይደርሳል? ወንዙስ ምን ያደርገዋል? በዚህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደሚለካና ለገበሬው ምን ትርጉም እንዳለው ለልማት ሠራተኞች እናስረዳለን።

ቡናማውን ውኃ መለካት

ጉኑኖ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት መጀመሪያ ካቋቋማቸው ጣቢያዎች አንዱ በዚህ ነበር። ከእህት ጣቢያዎቹ መካከል የወሎው ማይባርና የሰሜን ሸዋው አንዲት ጥድ ይገኛሉ።

የአሠራሩ ዘዴ ቀላል ነበር። በተዳፋት ላይ 30 ካሬ ሜትር ስፋት ያላቸው መደቦች ተከልለው ከእነርሱ የሚወርደው ጎርፍና አፈር በማጠራቀሚያ ይያዛል። በጅረቱ ላይ ደግሞ የውኃው ከፍታ ይመዘገባል። ውኃው ቡናማ ሲሆን በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ይቀዳል፤ ደለሉ ተለይቶ ይደርቅና ይመዘናል። በአንድ ሊትር የተገኘው የደለል ክብደት በወረደው የውኃ መጠን ሲባዛ የሄደው አፈር በቶን ይታወቃል።

ካርቦኑን ለማወቅ የሚጨመረው ሥራ ጥቂት ነው። የደረቀው ደለል ወደ ላቦራቶሪ ተወስዶ በዎክሌይና ብላክ ዘዴ ይመረመራል። ለምሳሌ ከአንድ ሄክታር 20 ቶን አፈር ታጠበ፤ አፈሩም ከመቶ 2 እጅ ካርቦን አለው ብንል፣ በጎርፉ የሄደው ካርቦን 400 ኪሎ ይሆናል። ብስባሽ ቀላል በመሆኑ ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ነው። ስለዚህ የሚሄደው አፈር አብዛኛውን ጊዜ በማሳው ላይ ከሚቀረው ይልቅ የለማ ነው።

ወንዝ እንዴት ይተነፍሳል?

ከማሳ የተነሣው አፈር በሙሉ ወንዝ አይደርስም። ከፊሉ ከተዳፋቱ ግርጌ ይቀራል። ወንዝ የደረሰው ካርቦን ግን ዝም ብሎ አይጓዝም። በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይመገቡታል። በዚህ ጊዜ ኦክስጅን ይጠቀማሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያስወጣሉ። በአንጻሩ አልጌና ሌሎች የውኃ ዕፀዋት ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ ኦክስጅን ይጨምራሉ። የወንዙ እስትንፋስ የምንለው የእነዚህን የሁለቱን ድምር ነው።

ይህም የሚለካው በኦክስጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካዊው ተመራማሪ ኦደም እንዳሳየው የውኃውን ኦክስጅን 24 ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሌሊት ብርሃን ስለሌለ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ፀሐይ ስትወጣ ማደግ ይጀምርና ከቀትር በኋላ ከፍ ይላል። የሌሊቱ መቀነስ አተነፋፈሱን፣ የቀኑ መጨመር ደግሞ ዕፀዋቱ የሠሩትን ያመለክታል። ከአየር ወደ ውኃ የሚገባውም ኦክስጅን በሒሳቡ ውስጥ መታሰብ አለበት። በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚወርድ ጅረት በተኛ ወንዝ ውስጥ ካለ ውኃ የበለጠ አየር ያገኛልና። ሰፊና ጥልቅ በሆነ ወንዝ ላይ ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ በሁለቱም ዳርና በተለያየ ጥልቀት መለካት ይገባል።

በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ብቻ ይይዛል። አንድ ግራም ካርቦን ተቃጥሎ ለማለቅ 2.7 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል። ይህም ከ370 ሊትር በላይ ውኃ የያዘው ኦክስጅን ነው። ውኃው በደለል ሲደፈርስ ብርሃን ወደ ውስጥ ስለማይገባ አልጌው ኦክስጅን ሊተካ አይችልም። ከወላይታ ደጋ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ ወደ ኦሞ፣ ከፊሉ በብላቴ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይሄዳል። የአባያን ቀይ ቡናማ መልክ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የከተማ ወንዞች ሸክም

ከተማን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ከማሳ ደለል ሌላ ሁለተኛ ሸክም ይጫንበታል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን የቤት ፍሳሽ፣ የገበያ ጥራጊና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። ይህን ሁሉ ለማብላላት የሚፈለገው ኦክስጅን ውኃው ከሚያገኘው ሲበልጥ፣ እንደ አምባዛ አየር መሳብ ከሚችለው በቀር ዓሣ ሊኖር አይችልም። ኦክስጅኑ ጨርሶ ሲያልቅ መጥፎ ሽታና ሚቴን የተባለው ጋዝ ይወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ምድርን የማሞቅ ኃይል አለው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ግምት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ከየብስ ወደ ወንዞችና ሐይቆች ይገባል። ከዚህ ውስጥ ውቅያኖስ የሚደርሰው 0.9 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። ከቀረው አብዛኛው በመንገድ ላይ ወደ አየር ይወጣል፤ ጥቂቱ በደለል ውስጥ ይቀበራል።

ለገበሬው ምን ማለት ነው?

የወላይታ ገበሬ የብስባሽን ዋጋ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ከቤቱ አጠገብ ያለው ዳርኳ በየጊዜው ፍግ ስለሚያገኝ እንሰቱ ይጠነክራል፤ አፈሩም ጥቁርና ለስላሳ ነው። ራቅ ያለው ሾቃ ግን በቆሎና ስኳር ድንች እየተዘራበት ብዙ ጊዜ ፍግ ሳይደርሰው ይቀራል። መሬት ሲጠብና ከብት ሲቀንስ ፍጉ ለዳርኳውም አይበቃም። ቀሪው ለምነት ከሾቃው በጎርፍ ሲታጠብ፣ በምርትም መልክ ወደ አረካና ወደ ሶዶ ገበያ ተጭኖ ልጣጩ ሳይመለስ ሲቀር፣ ገበሬው በሁለት በኩል ይከስራል። እርሱ ያጣውን ወንዙ ተንፍሶ ይጨርሰዋል።

ስለሆነም የልማት ሠራተኞች ከገበሬዎች ጋር በመመካከር የሚከተሉትን እንዲያደርጉ እንመክራለን፦

1. የእርከን ሥራ በሾቃው ላይ እንዲቀድምና በእርከኑ ጫፍ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር እንዲተከል። ሣሩ አፈር ይይዛል፤ ለከብትም መኖ ይሆናል።

2. ዘር በሚዘራበት ወቅት መሬቱ ባዶ ስለሚሆን የተረፈው አገዳ ሳይቃጠል በማሳው ላይ እንዲቀር።

3. ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ያልተቀላቀለ የገበያ ልጣጭና ቅጠል ከፕላስቲክና ከጠርሙስ ተለይቶ በጉድጓድ እንዲብላላና ወደ ማሳ እንዲመለስ።

4. ዝናብ በጣለ ቀን ከጅረቱ አንድ ሊትር ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ ማሳደር። በማግስቱ ከታች የተቀመጠውን ደለል ለገበሬው ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ማጠቃለያ

በጉኑኖ ጠርሙስ የሚረጋው ደለልና በአቃቂ ላይ የሚሸተው ውኃ የአንድ ጉዳይ ሁለት ጫፎች ናቸው። ወንዝ የተጣለበትን ሁሉ ይበላል፤ የበላውን ግን ለማሳ አይመልስም። ስለዚህ ካርቦንን ማዳን የሚቻለው ወንዝ ከመድረሱ በፊት፣ በእርከኑና በፍጉ ጉድጓድ ላይ ነው።