ምግብ የሚመስለው መድኃኒት

በሚያዝያ ወይም በግንቦት ወደ አዲሎና ወደ ባዳዋቾ ብቅ ያለ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው በልምላሜ ላይ ነው። እንሰቱ ጓሮውን ሸፍኖታል፤ ቦቆሎውም ብቅ ብሏል። በዚያው ሰሞን ከእንሰቱ ጀርባ ባለው ጎጆ ውስጥ ግን እግሩና ፊቱ ያበጠ ሕፃን ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። የእርዳታ ሠራተኞች ይህንን «አረንጓዴ ረሃብ» ብለውታል። የአካባቢው ሰው ግን ስም ሳያወጣለትም ድሮ ያውቀዋል። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ስኳር ድንች ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ እሱም ከጠፋ የሚቀረው ኮጮ ነው። ኮጮ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በአይብ፣ በወተት ወይም በባቄላ ካልታገዘ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። በ1992፣ በ1995 እና በ2000 ዓ.ም. በደቡቡ የአገራችን ክፍል ብዙ ሕፃናትን የጎዳው የዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ስለ ዓለም አቀፍ እርዳታ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ስንዴና ዘይት የጫነ መኪና ነው። ለሕፃናት ሕይወት ትልቁን ለውጥ ያመጣው እርዳታ ግን በእጅ መዳፍ የሚያዝ ፓኬት ነው። ከመጀመሪያዎቹ መፈተኛ ቦታዎች አንዱም እዚሁ ሐዲያ ውስጥ ነበር።

ቀደም ሲል በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚታከመው ተኝቶ ነበር። ሕክምናው በልዩ ወተት ስለሆነና ወተቱም በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ሳይቆይ መጠጣት ስላለበት፣ እናት ልጇን ይዛ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ማዕከል ውስጥ መቀመጥ ነበረባት። ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ይያዝ? ከብቱንስ ማን ይጠብቅ? በዚህ ምክንያት ብዙ እናቶች ልጃቸው እስኪደክም ቆይተው ይመጣሉ፤ ገና ሳይድን ይዘው የሚሄዱም ነበሩ። በተጨናነቀው ማዕከል ኩፍኝ ከገባ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ፣ በእኛ 1993 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ ድርጅት በባዳዋቾ ወረዳ ሌላ መንገድ ሞከረ። እናቶች ልጆቻቸውን እያስመዘኑና እያስመረመሩ ለቤት የሚሆን ምግብ ተቀብለው እንዲመለሱ ተደረገ። የ170 ሕፃናት ውጤት ሲጠና 144ቱ ድነዋል፣ 7ቱ ሞተዋል፣ 11ዱ ወደ ሌላ ሕክምና ተልከዋል፣ 8ቱ አቋርጠዋል። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ይህንን አሠራር በጋራ መግለጫ ተቀበሉት። የባዳዋቾ እናቶች ለዓለም ያስተማሩት ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህንን የሚያስታውስላቸው ግን ጥቂት ነው።

ፓኬቱ ፕላምፒ ነት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያንድ ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆኖ የሠራው ነው። በውስጡ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድናት አሉ። ሐላልነቱን ለሚጠይቁ ወላጆች፣ በዋና ይዘቱ ሥጋም ሆነ የእንስሳት ስብ የለም። ውኃ ስለሌለበት ቶሎ አይበላሽም፣ ማብሰልም አይፈልግም። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ ይሰጣል። በአገራችንም ሕሊና የተባለው ፋብሪካ ተመሳሳዩን ያመርታል።

ችግሩ የሚጀምረው ፓኬቱ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ጣፋጭ ነው፣ ምግብም ይመስላል። እኛ ደግሞ ከአንድ ገበታ መብላት የለመድን ሕዝብ ነን። አንዱ ልጅ ሲልስ ሌላው ቆሞ ሲያይ የእናት አንጀት አይችልም፤ ስለዚህ ትከፋፍለዋለች። ይህ ርኅራኄ ነው፣ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ነገር ግን የወባ ክኒን ለጤነኛው ልጅ እንደማይከፈል ሁሉ ይህም አይከፈልም። የሚሰጠው በልጁ ክብደት ተሰልቶ ነው፤ ግማሹ ለወንድሞቹ ከሄደ ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ሲታከም ሰንብቶ ክብደት ሳይጨምር ይመለሳል። ገበያ አውጥቶ መሸጥማ አማናን መብላት ነው፤ የተጎዳው ሕፃን አማና። ጤነኞቹ ልጆች የሚቀምሱት ሌላ ነገር ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ለጎረቤትና ለመስጊድ ጀመዓ መንገር የሚያሳፍር አይደለም። ሰደቃ ከዚህ የተሻለ ምን ቦታ አለው?

አሰጣጡ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የእናትየውም የልጁም እጅ በሳሙና ይታጠባል። የሚጠባ ልጅ ጡት ይቀድማል፤ ቁርኣን የማጥባቱን ዘመን ሁለት ሙሉ ዓመት ማድረጉን እናውቃለን፤ ፓኬቱም ጡትን አይተካም። ቀጥሎ ፓኬቱ ጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፣ ንጹሕ ውኃም አብሮ ይጠጣል። ሌላ ምግብ የሚመጣው የቀኑ ድርሻ ካለቀ በኋላ ነው።

ከ2000 ዓ.ም. ችግር ወዲህ ይህ ሕክምና እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ክንድ በባለ ቀለም መለኪያ ትለካለች። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ከፍተኛ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። እብጠት ያለበት ልጅ ግን ክንዱ ወፍራም መስሎ ሊያታልል ይችላል። በሁለቱም እግሮቹ ላይ በአውራ ጣት ሦስት ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ስትለቁ ጉድጓድ ከቀረ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። ምግብ እምቢ ያለ፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያተኩሰው ወይም የፈዘዘ ልጅ በቤት አይታከምም፤ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መተኛት አለበት።

ይህንን ሁሉ የሚያቆመው ገንዘብ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ የ650,000 የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናትን ሕክምና ለማቆም መገደዱን አስታውቆ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። በባዳዋቾ የተፈተነው ዘዴ አሁንም ይሠራል፤ የሚያሠጋው የፓኬቱ መድረስ ነው።

ስለዚህ ጤና ኬላ ሄዳችሁ «አልቋል» ብትባሉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ልጁ ይለካ፣ ይመዝገብ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መላኪያ ወረቀት ይጻፍላችሁ። መንገድ ላይ እያላችሁም ጡት አታቋርጡ። ገንፎው በባቄላ ወይም በሽንብራ ዱቄት፣ በወተትና በእንቁላል ይታገዝ። ይህ ቀዩ ላይ ላለ ልጅ ሕክምናውን አይተካም፤ ቢጫው ላይ ያለው ግን ወደ ቀዩ እንዳይወርድ ይረዳል።