ካሜራን ከኮምፒውተር የሚያግባባው ኮድ

ኩየራ የሚማር ወጣት ዌብካም ገዝቶ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ቢሰካው፣ ካሜራው ምንም ሳይጫንለት ሥራ ይጀምራል። ይህን የሚያደርገው ዩቪሲቪዲዮ የተባለው ድራይቨር ነው፤ ድራይቨር መሣሪያውንና የኮምፒውተሩን ሲስተም የሚያግባባ ኮድ ነው። ዩቪሲቪዲዮ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሊኑክስ 2.6.26 ጋር ወጣ። አንድሮይድም በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት ላይ ስለተሠራ ድራይቨሩ በብዙ ስልኮች ውስጥም ይገኛል።

ካሜራ ዩኤስቢ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል፤ በምን ፎርማት እንደሚቀርጽና ምን ምን የምስል መጠን (ፍሬም) እንዳለው ይዘረዝራል። ድራይቨሩ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ያልፍበታል። በመጀመሪያው ዙር ቆጥሮ በልኩ ባፈር፣ ማለትም የሚሞሪ ቦታ ይይዛል፤ በሁለተኛው ዙር የያዘውን ቦታ ይሞላል።

በድራይቨሩ ውስጥ ለዓመታት የኖረ የደኅንነት ስህተት ያደባው እዚህ ላይ ነበር። የሚቆጥረው ክፍል ዓይነታቸው ያልተወሰነ ፍሬሞችን ይዘላል፤ የሚሞላው ክፍል ግን እነሱንም ይጽፋል። የተጠራውን ሰው በከፊል ብቻ ቆጥሮ ዳስ እንደ መጣል ነው፤ ትርፉ እንግዳ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ይቀመጣል። በሚሞሪም ትርፉ መረጃ ከባፈሩ አልፎ በሌላ መረጃ ላይ ይጻፋል። ከተለመደ ካሜራ ጋር ችግሩ አይታይም። ካሜራ መስሎ የሚቀርብ፣ ለጥቃት የተሠራ መሣሪያ ግን በዚህ ቀዳዳ እስከ ከርነሉ ሊደርስ ይችላል።

ጉዳቱ በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ ሰርቢያ ውስጥ በተቃውሞ የተሳተፈ የአንድ ተማሪ ስልክ ሴሌብራይት በተባለው ኩባንያ የስልክ መክፈቻ መሣሪያ መከፈቱን ገልጾ፣ ከጥቃቱ ጋር ካያያዛቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው እንደሆነ አስታውቋል።

ጥገናው የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሲሆን፣ የሚሞላው ክፍል ላይ የተጨመረ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ዓይነቱ ካልተወሰነ አትጻፍ። ለ16 ዓመት ክፍት የቆየ በር በዚህች አጭር ትእዛዝ ተዘጋ። አንድሮይድ ጥገናውን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የደኅንነት አፕዴቱ ውስጥ አካተተው።

ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የሚቆጥረውና የሚሞላው ኮድ በአንድ ሕግ መመራት አለባቸው፣ ከውጭ የመጣ መረጃም ሳይፈተሽ አይታመንም። ለሁላችንም ደግሞ፣ ስልካችን «አፕዴት አለ» ሲለን ነገ ዛሬ አንበል። ጥገናው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እኛ ባለመጫናችን ብቻ ለጥቃት መጋለጥ ያሳዝናል።