ለአገር ቤት መንገድ የሚስማማ ጐማ፦ አስመጪውና ባለ ሱቁ ሊያውቁት የሚገባ

ጐማ ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ባለ ሱቁም ዋጋውን ነግሮ፣ ገንዘቡን ተቀብሎና ጐማውን አስረክቦ ይሸኘዋል። ይሁን እንጂ ያ ጐማ የሚፈተነው በመርካቶ አይደለም፤ በአፋር ቆላ ባለው ስለታም ጥቁር ድንጋይ ላይ፣ በበቾ ሜዳ የክረምት ጭቃ ውስጥ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ ጐማው የፈነዳበት ሰው ደግሞ ከነሕይወቱ ቢመለስ የሚወቅሰው ሩቅ ያለውን ፋብሪካ ሳይሆን የሸጠለትን ነጋዴ ነው።

ነገሩ የአስመጪውንም ኪስ ይነካል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው እጅግ ከፍ ብሏል። ለአገሩ መንገድና ላለው መኪና የማይስማማ ጐማ ማስመጣት ገንዘብን በመጋዘን ውስጥ እንደ መቅበር ይቈጠራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ከትእዛዙ በፊት ያልታሰበበት ነገር ዕቃው ከገባ በኋላ ብዙ ያስከፍላል።

ሦስቱ ዐይነቶች

በአየር የሚነፋ ጐማ ለንግድ የበቃው ጆን ዳንሎፕ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1888 ባወጣው ሥራ ነው። በ1946 ደግሞ የፈረንሳዩ ሚሽለን ኩባንያ ራዲያል የሚባለውን አሠራር በፓተንት አስመዘገበ። በ1976 የአሜሪካው ቢ ኤፍ ጉድሪች ኩባንያ ለአስፋልትም ለፒስታም እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ራዲያል ጐማ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ «ኦል ቴሬይን» ወይም በአጭሩ «ኤ ቲ» የሚባለው የዚሁ ወገን ነው።

በአራቱም እግራቸው ለሚጎትቱ መኪናዎች የሚመጡት ጐማዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው «ኤች ቲ» የሚባለው የአስፋልት ጐማ ሲሆን ጥርሱ ጥልቀት የለውም፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ነዳጅም ይቈጥባል። ሦስተኛው «ኤም ቲ» የሚባለው የጭቃ ጐማ ነው፤ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ስለሆነ ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል፤ ነገር ግን በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ ጊዜም እርጥብ አስፋልት የመያዝ ኀይሉ ያነሰ ነው። «ኤ ቲ» በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ከሁለቱም በየሞያቸው አይበልጥም፤ ሆኖም ጠዋት አስፋልት፣ ቀትር ላይ ጠጠር፣ ማታ የእርሻ መንገድ ለሚሄድ መኪና ከሁለቱም የተሻለ አገልጋይ ነው።

መንገዱን መጠየቅ

ብልህ ባለ ሱቅ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት፣ «ጋሼ፣ መኪናዎ የት የት ይሄዳል? ምንስ ይጭናል?» ብሎ ይጠይቃል። ገዢው፣ «አዲስ አበባ ነኝ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ገጠር እወጣለሁ» ቢለው፣ የሚያስፈልገው የአስፋልት ጐማ ነው፤ የጭቃውን መሸጥ ደንበኛን ማጣት ነው። «እህል ልሰበስብ በየገበያው እዞራለሁ» ቢለው «ኤ ቲ» ይስማማዋል። መኪናው ክረምት ከበጋ በመረሬ አፈር ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን የጭቃው ጐማ ይገባዋል። ዋልካ ጭቃ በጠባቡ የጐማ ጥርስ መካከል ተጣብቆ ሲሞላው ጐማው እንደ ሊሾ ሆኖ ይንሸራተታልና።

በጐኑ ላይ የተጻፈው

በጐማው ጐን «265/65 አር 17 112 ኤስ» የሚል ጽሕፈት ተገኘ እንበል። 265 የጐማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጐኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ያመለክታል። «አር» ራዲያል ማለት ነው፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 112 የሚችለውን ክብደት ያመለክታል፤ እርሱም 1,120 ኪሎ ግራም ነው። «ኤስ» የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር መሆኑን ይነግራል።

የዚህ ጐማ ጠቅላላ ቁመት ሲሰላ 776 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። «265/70 አር 17» የሚለው ግን 803 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ገዢው ይህን ከፍ ያለውን ቢመርጥ መኪናው ከመሬት የሚነሣው በ13 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የፍጥነት መለኪያው በትክክል 100 የሚያሳይ ከነበረ፣ አሁን 100 ሲል መኪናው 103 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መሪው ሲዞር ጐማው ከመከላከያው ጋር እንዳይፋተግም አስቀድሞ መለካት ያሻል። ስኮርታውም ከአራቱ ጋር በልክ አንድ ዐይነት መሆን አለበት፤ ለአራት ጐማ ብቻ ከፍሎ አሮጌውን ስኮርታ የሚያስቀር ሰው ችግሩ የሚገለጥለት በበረሃ መካከል ነው።

ክብደቱና ነፋሱ

አንድ መኪና ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው በኋላ እግሩ ላይ ቢያርፍ እያንዳንዱ የኋላ ጐማ 900 ኪሎ ይሸከማል። የክብደት ቍጥሩ 104 የሆነ ጐማ የሚችለው ልክ 900 ኪሎ ስለሆነ፣ ጕድጓድ ሲመታ የሚተርፈው አንዳች ኀይል የለም። ቍጥሩ 112 የሆነው ግን በያንዳንዱ 220 ኪሎ ትርፍ አለው። የዋጋው ልዩነት የሚመዘነው በዚህ ነው።

«ኤል ቲ» የሚል ፊደል ያለባቸው የቀላል ካሚዮን ጐማዎች ጐናቸው ጠንካራ ስለሆነ ድንጋይ በቀላሉ አይቈርጣቸውም። «10 ፕላይ» የሚለው ጽሕፈት ግን ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ እንጂ በእውነት ዐሥር የክር ንጣፍ አለው ማለት አይደለም። ደግሞም እነዚህ ጐማዎች የተጻፈላቸውን ክብደት የሚችሉት በከፍተኛ ነፋስ ሲነፉ ነው። ለቀድሞው ጐማ ይበቃ በነበረው ነፋስ ነፍቶ ጭነት ማብዛት ጐማውን ያግለዋል፤ የጋለ ጐማም በቆላ መንገድ ይፈነዳል። ነፋስ የሚለካውም ማለዳ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስና ጐማው ሳይሞቅ ነው።

የከመነዳሪውም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በሩቅ ገጠር ለሚሠሩት የቀድሞ ሞዴል ላንድ ክሩዘሮች «7.50 አር 16» የሚለው ጐማ ከነከመነዳሪው አሁንም ይፈለጋል። ጠባብ ቢሆንም ብዙ ክብደት ይችላል፤ ከመነዳሪውንም በየመንደሩ ያለ ጎሚስታ በቀላሉ ይለጥፈዋል። ከመነዳሪ የሌለው ዘመናዊ ጐማ ግን ሚስማር ሲወጋው ነፋሱን በዝግታ ስለሚያጎድል ለሾፌሩ ጊዜ ይሰጠዋል።

ዕድሜውና የዘመን አቈጣጠሩ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የተሠራበት ዘመን ነው። በጐማው ጐን «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ፊደላት በሚጀምረው መስመር መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንቱን፣ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። «2417» የሚል ቢገኝ በ2017 በሃያ አራተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ነገር ግን ይህ 2017 የኤውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ በእኛ ሰኔ 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አኃዙን በኢትዮጵያ ዘመን የሚያነብ ገዢ የስምንት ዓመት አሮጌ ጐማ እንደ አዲስ ሊገዛ ይችላል። ጥርሱ ጨርሶ ያልተነካ ቢሆንም እንኳ ላስቲኩ በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ጐማ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተሠራ ዐሥር ዓመት ሲሞላውም ጥርሱ ቢኖረውም እንዲለወጥ ይመክራሉ። ይህን እያወቀ ዝም ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያተርፈው ገንዘብ፣ በመኪናው ውስጥ ከሚሳፈሩት ሰዎች ሕይወት ጋር አይመዛዘንም።

ለአስመጪው

ስለዚህ አስመጪው በፕሮፎርማው ላይ ልኩን ብቻ ሳይሆን የክብደት ቍጥሩን፣ የፍጥነቱን ፊደልና ጐማው ከተሠራ ሲጫን ከስንት ወር እንዳይበልጥ መወሰኑን አስገብቶ ቢዋዋል፣ ይኸውም በኤል ሲው ሰነድ እንዲጠቀስ ቢያደርግ ከብዙ ክርክር ይድናል። በተራራና በበረዶ ቅንጣት ሥዕል የሚታወቀው ምልክት ጐማው ለበረዶ መንገድ መፈተኑን ያሳያል። ምልክቱ ጐማውን መጥፎ አያደርገውም፤ ነገር ግን በረዶ መንገድ በማይዘጋበት አገር ለእርሱ ሲባል ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም።

ዕቃው ከገባ በኋላም ጐማ ከፀሐይ፣ ከናፍጣና ከዘይት፣ እንዲሁም ከኤሌክትሪክ ሞተርና ከብየዳ ሥራ ርቆ በደረቅና ቀዝቃዛ ቤት መቀመጥ አለበት። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይሸጥ። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ እየመታው ለማስታወቂያ የሚከመር ጐማ ገና ሳይሸጥ ማርጀት ይጀምራል።

በመጨረሻም ባለ ሱቁ ጐማውን ሲያስረክብ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ የነፋሱን ልክ ቢነግርና በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ጐማዎቹን ከነስኮርታው እያዘዋወረ እንዲያስር ቢመክር፣ ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይወስድበትም። ጐማው አገልግሎቱን በሰላም ጨርሶ ለበረባሶ ሠሪ የሚደርስለት ደንበኛ፣ ሁለተኛውን ጐማ ሊገዛ የሚመለሰው ወደዚያው ሱቅ ነው።