ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚጽፉ ወላጆች ተከታይ እንዴት ያገኛሉ? ከቆቦ አንጻር

በአሁኑ ጊዜ ልጅ ማሳደግን አስመልክተው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጽፉና የሚናገሩ ወላጆች በአገራችን እየበዙ መጥተዋል። አንዷ በቴሌግራም ስለ ሕፃን ምግብ ትጽፋለች፤ ሌላው በቲክቶክ ከልጁ ጋር የቤት ሥራ ሲሠራ ያሳያል። አብዛኞቹ ግን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ተከታይ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ እሱም ቢሆን ግማሹ ዘመድና ጎረቤት ነው። ውድ አንባቢያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ከዚያ እንዴት ማለፍ እንደሚቻል ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌዬን የምወስደው ተወልጄ ካደግሁበት ከቆቦና ከራያ ቆላ ነው። ለአዲስ አበባ ወላጅ የሚሰጠው ምክር ሁሉ እኛ ጋ አይሠራምና።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «አንባቢዬ ማን ነው?» የሚለው ነው። ከራያ ቆቦ ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳል። ከሚሄዱት መካከል ልጆቻቸውን ለአያት ትተው የወጡ እናቶች አሉ። እናት ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጅ ደግሞ ጎብዬ ወይም ሮቢት ከአያቱ ጋር ያድጋል። ይህች እናት ልጇን የምታሳድገው በኢሞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእሷ ጥያቄ «ለልጄ የትኛው አሻንጉሊት ይሻላል?» አይደለም። «ስደውል አላናግርሽም ይለኛል፣ ምን ላድርግ?» ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ከተገኘ ማስታወቂያም አያስፈልገው።

የአክስቴ ልጅ የሁለት ልጆች እናት ስትሆን ቆቦ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ አላት። የቴሌግራም ቻናል ከከፈተች ቆይታለች። ስለ ገንፎና ስለ ፍትፍት ፎቶ ስትለጥፍ የሚያየው ሰው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ግን ይህንኑ የስልክ ጥያቄ አንስታ አራት ደቂቃ ያህል በድምፅ ተናገረች። ልጁን «እናትህን ሰላም በል» ብሎ ማስገደድ እንደማይጠቅም፣ ይልቅ እናት በየቀኑ በአንድ ሰዓት ደውላ አንድ ትንሽ ነገር ብትጠይቀው፣ ለምሳሌ «ጥጃዋ ዛሬ ምን ሆነች?» ብትለው እንደሚሻል አስረዳች። ያ ድምፅ ከጠቅላላ ተከታዮቿ ቁጥር በሚበልጥ ሰው ተሰማ። ነገሩ ተአምር አይደለም፣ የቴሌግራም አሠራር ነው። መልእክት ከቻናል ወደ ሌላ ግሩፕ ሲተላለፍ የቻናሉን ስም ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ ያዩትም ሰዎች በዋናው መልእክት ቁጥር ላይ ይደመራሉ። ስሙን የነካ ሰው ደግሞ ቀጥታ ወደ ቻናሉ ይገባል። ስለዚህ በቴሌግራም ተከታይ የሚበዛው ሰው ለሌላ ሰው ሊልከው በሚፈልገው ነገር ነው።

ሌሎቹስ? ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አሠራሩን ሲቀይር የጓደኛና የቤተሰብ ጽሑፍ ከገጾች ጽሑፍ ቅድሚያ እንዲያገኝ አደረገ። ገጽ ከፍቶ መጠበቅ ብዙም የማያዋጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የራያ ተወላጆች በሚሰባሰቡባቸው ግሩፖች ውስጥ ገብቶ ሰው ለጠየቀው ነገር በቅንነት መመለስ ይሻላል። ቲክቶክ ደግሞ ተከታይ ለሌለውም ሰው ቪዲዮውን ለማያውቁት ሰዎች ስለሚያሳይ አዲስ ሰው ለመሳብ ጥሩ ነው። ችግሩ የመጣው ሰው ቶሎ መሄዱ ነው። በቲክቶክ አስተዋውቆ ወደ ቴሌግራም መጋበዝ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል።

ድምፅን ያነሳሁት በአጋጣሚ አይደለም። እኛ አገር ልጅ የሚያሳድጉት ብዙ አያቶች ማንበብ አይችሉም፤ ማዳመጥ ግን ይችላሉ። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ከፍቶ ያሰማቸዋል። የድምፅ መልእክት ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ዳታም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ ላይ የአገሩ አነጋገር አለ። በራያ ሰው አነጋገር፣ በራያ ምሳሌ የሚናገር ሰው ሲገኝ ጅዳ ያለችው እናት ገና ድምፁን ስትሰማ «የአገሬ ሰው!» ትላለች። በመጽሐፍ አማርኛ የተጻፈ ምክር ይህን አያደርግም።

ሰዓትም ወሳኝ ነው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ግን ስልኳን የምትይዘው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። በረመዳን ደግሞ ሌሊቱ ወደ ቀን ይቀየራል። ይህን ያላወቀ ወላጅ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለጥፎ ማንም አላየልኝም ብሎ ያዝናል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ሰው ቀናቸውንና ሰዓታቸውን ያውቅ ነበር። ዘዴው ዛሬም አላረጀም፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት።

ለእኛ አካባቢ ብቻ የሚሆን አንድ ምክር ልጨምር። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ስልክ፣ መብራትና ባንክ ለወራት ተቋርጠው ነበር። በነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ቆቦ ላይ አገረሸ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። ተከታዩን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያከማቸ ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። በስልክ ላይ የተቀመጠ የድምፅ ፋይል ግን በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል፤ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ቤቶችም ሊጭኑት ይችላሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ስምንና የቻናሉን መጠሪያ መናገር ያስፈልጋል። ኔትወርክ ሲመለስ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሳ። ተከታይ ለማብዛት ቀላሉ መንገድ የልጅን ፊት ማሳየት ነው። የሚያለቅስ፣ የሚሳደብ፣ የሚደንስ ልጅ ቪዲዮ ቶሎ ይታያል። እኛ ጋ ትልልቅ ሰዎች «ልጅን ለሰው ዓይን አታውጡ» ይላሉ፤ ቡዳን ፈርተው ነው። እኔ በቡዳው አላምንም፣ በምክሩ ግን እስማማለሁ። ቆቦ ትንሽ ከተማ ነው። ፍራሹ ላይ ስለሸና ልጅ ዛሬ የተለጠፈ ቀልድ ነገ ክፍል ውስጥ ይጠብቀዋል፤ ልጁ ሲያድግም አይጠፋም። በነሐሴ አጋማሽ የሶለል በዓል ሲደርስም ያጌጡ ትንንሽ ልጃገረዶችን በቅርብ እያነሱ መልቀቅ የተለመደ ሆኗል። በዓሉን ከሩቅ፣ ጭፈራውን በድምፅ ማሳየት እየተቻለ የአንዲትን ልጅ ፊት ነጥሎ ለማያውቁት ሰው ማቅረብ ምን ይጠቅማል?

ይህ ሥጋት የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የልጆች ምስል በወላጆቻቸው እንዳይበደል ሕግ አውጥታለች። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በወላጁ ቪዲዮ ላይ በብዛት የሚታይ ልጅ ከገቢው ድርሻው እንዲቀመጥለት ደንግጓል። ቲክቶክ በቀጥታ ስርጭት ለመግባት 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን በሚመለከት ሁሉ የልጁ ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ተደንግጓል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይህን የሚያስታውስ ወላጅ ጥቂት ነው።

ልጁ ካልታየ ምን ይቀራል? ብዙ ነገር። በዓለም ስለ ልጅ አስተዳደግ በመጻፍ ከታወቁት አንዷ አሜሪካዊቷ ሄዘር አርምስትሮንግ ነበረች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አርፋለች። ብዙ እናቶች የወደዷት ከወሊድ በኋላ ስለያዛት ድብርት በግልጽ ስለጻፈች ነው፤ የራሷን ነበር የምትናገረው። የእኛም ወላጅ የራሱን ድካም፣ የራሱን ጥያቄ፣ የራሱን እጅ ማሳየት ይችላል። የአክስቴ ልጅ ስለ ልጆቿ ስትናገር «ትልቁ» እና «ትንሿ» ትላለች እንጂ ስማቸውን አትጠራም። አድማጮቿም እስካሁን ፊታቸውን አሳዪን አላሏትም።

በጤና ጉዳይ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ጎጂ ልማዶች መሆናቸውን መናገር ተገቢ ነው። መድኃኒት ማዘዝ ግን የወላጅ ሥራ አይደለም። ቆላችን ወባ ያለበት አገር ነው፤ ልጅ ሲያተኩሰው «ይሄን ስጡት» ብሎ መለጠፍ ሰው ይገድላል። ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቆ ያለችውን ማስተላለፍ ነው። የክትባት ጊዜን ማስታወስም ሰውን ደጋግሞ ያመጣል፦ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ቀጥሎ በ9 ወር የኩፍኝ። የልጇን ወር የምትቆጥር እናት በየጊዜው ተመልሳ ቻናሉን ትከፍታለች።

ተከታይ ሲበዛ ነጋዴ ይመጣል። ለአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የመጣላት የዱቄት ወተት ሻጭ ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ደንብ የእናት ጡት ወተት ምትክ ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ይላል፤ እሷ ደንቡን ባታውቅም እንቢ አለች። ጡት የምታጠባ እናት ሰምታኝ ብታቋርጥስ ብላ ነው። የደብተርና የቦርሳ ማስታወቂያ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትቀበላለች፣ ክፍያውም በቴሌብር ይገባላታል።